ማጣሪያ ከመግዛቴ በፊት ውኃውን ማስመርመር ነበረብኝ

የውኃ ማጣሪያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለሚል ሰው መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፦ ሻጭ ፊትህ በሚያደርገው ሙከራ አትወስን። እኔ የወሰንኩት በዚያ ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሙከራው እንዲህ ነው። አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ፣ አንድ ብርጭቆ የተጣራ ውኃ ይቀመጣል። የብረት ዘንጎች ይነከሩና ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። የቧንቧው ውኃ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ቡናማ ዝቃጭ ከላይ ይንሳፈፋል። የተጣራው ንክች አይልም። ያ ቡናማ ነገር ግን ውኃው ውስጥ የነበረ ቆሻሻ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ የበላው የዘንጉ ዝገት ነው። የቧንቧ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየምን የመሰሉ ማዕድናት ስላሉት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ማዕድኑ የወጣለት ውኃ እምብዛም አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ዘንጉም አይበላም። በተጣራው ላይ ቁንጥር ጨው ጨምሮ ማስደገም ነው፤ እሱም ይደፈርሳል። ሻጩ ይህን አይነግርህም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የቲዲኤስ (በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያም የሟሟ ማዕድን እንጂ ተህዋስ አያሳይም። መለኪያው በሊትር 50 ሚሊ ግራም የሚያነብበት ውኃ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ሊኖርበት ይችላል፤ 400 የሚያነብበት ደግሞ ደኅና ሊሆን ይችላል።

ገንዘብህን ላቦራቶሪ ላይ አውጣ። ጠርሙሱን ከእነሱ ተቀበል። የቧንቧውን ጫፍ ወንፊት ፈትተህ ጫፉን በአልኮል ጥረግ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አፍስስና ቅዳ፤ በበረዶ ይዘህ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ አድርስ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጨርሶ መገኘት የለበትም፤ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ናይትሬት ከ50 አይለፍ።

ሽታው ክሎሪን ብቻ ከሆነ የከሰል ማጣሪያ ይበቃል። ከሰሉ ክሎሪኑን ስለሚያስቀር ግን የተጣራው ውኃ ጥበቃ የለውም፤ አታሳድረው። ኢ. ኮላይ ካለ ማፍላት ከማንኛውም ርካሽ ማጣሪያ ይበልጣል። ለፍሎራይድና ለናይትሬት ግን ማፍላት ጉዳት ነው፤ ውኃው ሲተን እነሱ ይከማቻሉ። ለእነዚህ የሚሆነው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው፤ ሲያጣራ ብዙ ውኃ ወደ ፍሳሽ እንደሚጥል አስበህ ግዛ። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ምንም አትግዛ።

ማንዋሉ የማጣሪያውን ውስጥ «በየ6 ወሩ ቀይር» ይላል፤ እኔ ግን የምቆጥረው ያጣራውን ሊትር ነው። የሴራሚክ (የሸክላ) ማጣሪያ ካለህ ደግሞ የውኃውን ፍጥነት ተከታተል፦ ማጣሪያው ሳይታጠብ ውኃው ከወትሮው ቶሎ መውረድ ከጀመረ፣ ዓይን ባያየውም ተሰንጥቆ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ይቀየር።