440 እና የኔ ክራር

ትናንት ፒያሳ ጓደኛዬ ቤት ክራሬን ይዤ ሄጄ ከኪቦርዱ ጋር ልንጫወት ስንል አልገጥም አለን፣ እኔ በራሴ ድምፅ ነው የምቃኘው እሱ ደሞ ስልኩ ላይ ቱነር (ድምፅ መቃኛ መተግበሪያ) ከፍቶ "440 አድርገው እንጂ" ይለኛል ("ላ" የሚባለው ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገብገብ ማለቱ ነው)፣ እሺ ብዬ መቃኛውን ጠምዘዝ ሳደርግ ቀጭኑ ክር ጧ!

ኧረ 440 ከሰማይ አልወረደም እኮ! በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተሰብስበው የተስማሙበት ነው፣ ፈረንሳዮች በ1859 እ.ኤ.አ. 435 ብለው ደንግገው ነበር። ባሮክን (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ) በድሮ መሳሪያ የሚጫወቱት ዛሬም ብዙ ጊዜ 415 ላይ ነው የሚቃኙት፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው፣ ለፈረንሳይ ባሮክ እስከ 392 ይወርዳሉ፣ የጀርመን ቤተክርስቲያን ኦርጋኖች ደሞ 466 አካባቢ የሚደርሱ ነበሩባቸው።

በመጨረሻ እሱ ኪቦርዱን ዝቅ አደረገልኝ፣ በቀሩት አምስት ክሮች ትዝታ ቅኝት ላይ አመሸን።