ሦስት ማዕዘኑ እምቢ ሲል

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ስክራች ላይ ነበርን፤ ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እየደረደሩ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት የሚያዙበት የኮዲንግ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት የለም፤ ግን ፕሮግራሙ ቀድሞ ስለተጫነ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። (መብራት አለመጥፋቱ ራሱ ተመስገን ነው።)

ካሬው ቶሎ አለቀ፦ 4 ጊዜ ድገም፣ 100 እርምጃ ሂድ፣ 90 ዲግሪ ዙር። «በሉ አሁን ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን» አልኳቸው። ሁሉም ያለ ማመንታት 60 አስገቡ። ሂሳብ ክፍል የተማሩት የውስጡን ማዕዘን ነዋ! ድመቷ ሦስት መስመር አስምራ ባለ ስድስት ጎኑን ቅርጽ ግማሽ ላይ ትታው ቆመች። ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንዷማ «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» አለችኝ።

መልሱን አልነገርኳቸውም። አንዱን ልጅ አስነስቼ «አንተ ድመቷን ሁን» አልኩትና ወለሉ ላይ በጠመኔ ሦስት ማዕዘን ሣልኩለት። መስመሩን ተከትሎ ጥግ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደዞረ ሁሉም አዩ። ከኋላ «120! 120 ነው!» የሚል ጩኸት መጣ። የሚዞሩት የውጪውን ማዕዘን ነው፤ ሙሉ ዙሩ 360፣ ለሦስት ሲካፈል 120።

የሂሳብ ምሁሩ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የተባለውን የኮዲንግ ቋንቋ የሠሩት ልጆች እንዲህ እየሞከሩ እንዲያስቡ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስክራችም የዚያው ዘር ነው። «ብሎክ መደርደር ጨዋታ እንጂ ኮዲንግ አይደለም» የምትሉኝ ጓደኞቼ ዛሬ በነበራችሁ!

ልንወጣ ስንል አንዷ 360 ጊዜ ድገም፣ 1 እርምጃ ሂድ፣ 1 ዲግሪ ዙር አድርጋ ክብ አሳየችኝ። ማንም አላስተማራትም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አዝዣለሁ፤ ዲግሪውን የምታውቁ ወላጆች እባካችሁ እንዳትነግሯቸው።