«ከኪው በኋላ ዩ የሌለው ቃል የለም»

ዲፓርትመንት ኃላፊያችን ይህን የተናገሩት በተማሪዎች ፊት፣ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ ቀስረው ነው። የስክራብል ክለባችን የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ነበር፤ ስክራብል የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነው። እሳቸው በእንግድነት ተጠርተው መጡና የዳኛው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ማን ተነሱ ይበላቸው? ጊዜው አልፏል፤ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በነጥብ እየተመራች ነበር። ፊደል የሚወጣበት ከረጢት ባዶ ሆኗል፤ በእጇ የቀሩት ኪው እና ቲ ብቻ ናቸው። ኪው ይዞ መጨረሻ ላይ መድረስ ምን እንደሆነ ስክራብል የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የፊደሉ 10 ነጥብ ከራስ ይቀነሳል፣ ቀድሞ ለጨረሰው ተጋጣሚ ደግሞ ይደመርለታል።

እሷ ግን ተረጋግታ ነበር። ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ የወጡትን ፊደሎች በነጥብ ወረቀቷ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ስትሰርዝ ቆይታለች። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ዩዎች 4 ብቻ ናቸው፤ አራቱም ሰሌዳው ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ ዩን መጠበቁን ትታ ያለ ዩ የሚሠራ ቦታ ስትፈልግ ነበር። በሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ በኤ የሚያልቅ ቃል አለ። ከበላዩ ኪውን፣ ከበታቹ ቲን አስቀመጠች። ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ቲ ያረፈችው ቃሉን በ3 የሚያባዛው ቀይ ካሬ ላይ ነው። 12 በ3 ሲባዛ 36። ፊደሎቿም አለቁ። በዚህ ጨዋታውን አሸንፋለች።

እኔ በደስታ ልጮህ ነበር። ያን ጊዜ ነው ኃላፊያችን ያንን ያሉት።

«ቃሉ አለ» አልኳቸው። «ደግሞ ተጋጣሚዋ አልተቃወመም።»

ልጁም «እኔ አልተቃወምኩም» አለ። እግዜር ይስጠው። በስክራብል ቃል የሚያስመረምረው ተጋጣሚ እንጂ ዳኛ አይደለም። ተጋጣሚው ዝም ካለ ቃሉ ይጸናል።

እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ አደረጉ ስል ልጅቷ እንዳትሰማ አይደለም፤ ሰምታለች። «እህቴ፣ ይህች ልጅ እኮ በእንግሊዝኛ ደካማ ናት። ውጤቷን አውቀዋለሁ። ይህን ከየት ታመጣዋለች?»

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከየት እንዳመጣችው ልንገራችሁ። ከተሰጣት ዝርዝር ነው ያመጣችው። ከኪው በኋላ ዩ የማይመጣባቸውን ቃላት ለክለቡ አባላት በሙሉ አባዝቼ ሰጥቻለሁ፤ ብዙዎቹ ከዐረብኛ የገቡ ናቸው፣ ሱቅ ሳይቀር አለበት። ባለሁለት ፊደል ቃላትም እንዲሁ፤ እነሱ ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው። ሌሎቹ ወረቀቱን አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት። እሷ ግን በቃሏ ያዘችው።

የክፍል እንግሊዝኛና ይህ ጨዋታ የሚጠይቁት ችሎታ ለየቅል ነው። ክፍል ውስጥ ከትርጉም ተነስተህ ቃል ትፈልጋለህ። እዚህ ግን 7 ፊደል ተሰጥቶህ ቃሉ ከፊደሎቹ ይወጣል። ሬቲና የሚለውን ፊደል በፊደል በታትነህ እንደገና ስትሰበስበው ሪቴይን ታገኛለህ። ግስ ላይ የሚቀጠሉትን አይ፣ ኤን፣ ጂን ለብቻ ወደ ዳር ታወጣና የቀሩት አራቱ ግስ ይሆኑ እንደሆነ ታያለህ። ለኛ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለው። በፊደላችን አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ እዚህ ለብቻው ይቆማል፣ ይቆጠራል፣ አንዳንዴም ያልቃል። ያቺ ልጅ ይህን የለመደችው ከሁሉም ቀድማ ነው። ድርሰት ስትጽፍ ግሶቿ ይምታቱባታል፣ እውነት ነው። ፊደል ስታይ ግን ዓይኗ ሌላ ነው።

ይህን የምለው ለተማሪዬ ስለማደላ ብቻ አይደለም። ኒውዚላንዳዊው ኒጄል ሪቻርድስ በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር። መዝገበ ቃላቱን ሸምድዶ ነው የገባው። በ2024 በስፓኒሽም ደገመው። በዚያው በ2015 ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂገሬ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛውን የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። የናይጄሪያ ተጫዋቾች ትኩረታቸው አጫጭር ቃላት ላይ ነው፤ ረጅም ቃል ደርድሮ መታየት አያጓጓቸውም። ባለሦስት ፊደል ቃል በቀይ ካሬ ላይ ማሳረፍ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጠረጥረው?

ለማንኛውም መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አጠለቁ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«ጫት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ጫት ነው።»

«ለሕፃናት ጫት ነው የምታስተምሪው? ወላጅ ቢሰማ ምን ይለናል?»

«ጨዋታው ትርጉም አይጠይቅም» አልኳቸው። «መዝገቡ ላይ ካለ ይቆጠራል። ጤፍም አለ፣ ብርም አለ።»

«እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ይጠየቃል» አሉና ሁለቱን ፊደሎች በገዛ እጃቸው አንስተው ፊቷ አስቀመጡላት።

ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ቃሉ የለም ነበር። ቃሉ ሲገኝ ደግሞ መኖሩ ጥፋት ሆነ። ክርክሩን ቀጥዬ ነበር፤ ልጆቹ በቆሙበት ስለሆነ ግን የትም አልደረሰም። ለእሳቸው ፍትሐዊ ልሁንና፣ ወላጅ ፈርተው ያሉት ከልባቸው ይመስለኛል። በትምህርት ቤታችን አካባቢ የጫት ነገር ቀልድ አይደለም። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ጭንቀቱን ከጨዋታው በኋላ፣ ለእኔ ለብቻዬ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝሩ ይውጣ ቢሉ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። የልጅ ተራ ላይ እጅ መስደድ ግን የትኛውም ሕግ ውስጥ የለም። ውጤቷን በተማሪዎች ፊት ማንሳትማ ጭራሽ።

ልጁ በተራው ጨረሰ። ከእሷ 11 ነጥብ ተቀነሰ፣ ለእሱ ተደመረ። ዋንጫውን ሲቀበል ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ልጅቷ ከክለቡ አልወጣችም፤ አሁንም ትመጣለች፣ አሁንም በእርሳስ ትሰርዛለች። ግን ኪው ሲደርሳት ተራዋን አቃጥላ ወደ ከረጢቱ ትመልሰዋለች። ኤ እና ቲ እጇ ላይ ተቀምጠው እያየሁ እንኳ ስትመልሰው አይቻለሁ። ለምን ስላት «ሚስ፣ ጣጣ አልፈልግም» አለችኝ።

ይህን ለማስተው ከእሷ ጋር እየታገልኩ ነው። ለብቻዋ ሳጫውታት ኪውን እንድትይዝ እያስገደድኳት ነው፤ አንዳንዴ እሺ ትላለች። ለኃላፊያችንም ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ ዳኛ ተጋጣሚ ሳይጠይቀው ቃል እንዳይሰርዝ፣ የዚያ ቀን 36 ነጥብም በክለቡ መዝገብ ላይ እንዲመለስላት። መልስ ገና አልመጣም። ካልመጣ ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ።