በሚሲዮናዊ ሰዓት ኦሮምኛ፦ የ12 ሳምንት ማስታወሻዬ

ኦሮምኛ መማር ከጀመርኩ 12 ሳምንት ሞላኝ። እናንተም ቋንቋ ለመማር የምትታገሉ ካላችሁ ብዬ የሄድኩበትን መንገድ ልጻፍላችሁ።

መነሻዬ አማቴ ናቸው። ልጃችን የተወለደች ጊዜ ከሸኖ አካባቢ ደብረ ብርሃን መጥተው ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ቆዩ። አማርኛ እምብዛም አይችሉም። እኔ ደግሞ ከ«አከም» ሰላምታ የዘለለ ኦሮምኛ አልነበረኝም። ባለቤቴ ስትተኛ እሳቸው ሕፃኗን ታቅፈው፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ፈገግ እንባባላለን። ያ ብቻ ነው። ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረዘም ያለ ምርቃት መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ብለው እንደመረቁኝ ግን አላወቅኩም። ሆዴን ቅር አለው።

«ባለቤትህ አታስተምርህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ትናገራለች። ሞክረናልም። ግን የተዋወቅነው በአማርኛ፣ የተጋባነው በአማርኛ፣ የምንጣላው በአማርኛ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላን ወደ ለመድነው እንመለሳለን።

መንገዱን ያሳየኝ ያልጠበቅኩት ሰው ነው። የምሠራበት ፋብሪካ አዲስ ማሽን ሲተከል አንድ አሜሪካዊ ባለሙያ መጥቶ ሦስት ወር አብሮን ሠራ። እኔ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ስላለሁ ከእሱ ጋር ነበር የምውለው። ሰውየው ቡና አይጠጣም። ሻይ አይጠጣም። ቢራማ ጭራሽ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ምን እንደምንጋብዘው ጨነቀን። በመጨረሻ የሻይ ቤቷ እናት ጦስኝ አፍልታ ሰጠችው። ጠጣና ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሲመጣ ሳይጠየቅ ጦስኝ ይፈላል።

ለምን እንደማይጠጣ ስጠይቀው ነው ነገሩ የተነሳው። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፤ ብዙ ሰው «ሞርሞን» የሚላቸው ማለት ነው። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ የተከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1833 በተሰጠና በኋላ ግዴታ በሆነ መመሪያ ነው። በ19 ዓመቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ማዳጋስካር ሚሲዮናዊ ሆኖ አገልግሏል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሱ ሃይማኖቴን አልነካም፣ እኔም የእሱን። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ማላጋሲ የሚባለውን ቋንቋ አንድ ቃል ሳያውቅ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልምበት ነበር።

እንዴት? ብዬ አፋጠጥኩት። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ የሻይ ሰዓት ስለዚያ ኑሮ ነበር የምናወራው።

ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላሉ። የት እንደሚላኩ አይመርጡም፤ ደብዳቤ ሲመጣ ነው የሚያውቁት። ደመወዝ የለም። ወጪውን ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ይከፍላሉ። እሱ ከትምህርት በኋላ እየሠራ ነበር ያጠራቀመው። እሱ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ በምትባል ከተማ ማሠልጠኛ ገባ። እዚያ አንድ ደንብ አላቸው፦ የምታውቀውን ያህል በምትማረው ቋንቋ ተናገር። ሦስት ቃል ካለህ ሦስቷን። ሌላውን በእጅህ አሳይ።

ከዚያ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ምልክት። በስሙ ማንም አይጠራውም፤ «ኤልደር» ተብሎ የአባቱ ስም ይከተላል። ጠዋት 12፡30 ይነሳል። ስፖርት፣ ቁርስ፣ ለብቻ ንባብ፣ ከጓደኛ ጋር ንባብ፣ ቀጥሎ የቋንቋ ጥናት። ከዚያ መንገድ ላይ ነው፤ በእግር፣ በር እያንኳኩ፣ ሰው እያናገሩ እስከ ማታ 3 ሰዓት። 4፡30 ላይ መብራት ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ የሚታጠብበት፣ አስቤዛ የሚገዛበት፣ ለቤተሰብ የሚጻፍበት ቀን አላቸው። ያንንም የዝግጅት ቀን ይሉታል እንጂ የዕረፍት ቀን አይሉትም። አሁን ሰዓቱ እንደየአገሩ ትንሽ ላላ ተደርጓል አለኝ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት «እንደ ቆሎ ተማሪ በለኛ» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ልጅ ሆኜ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጃችን የሚቆሙትን ተማሪዎች አስታወስኩ። ከቤት መራቁ፣ በሰው አገር መክረሙ አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል፤ አሁንም ይከብደኛል። ማዳጋስካር እያለ አያቱ ሞቱ። አልሄደም። በዚያን ጊዜ ወደ ቤት የሚደወለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለገናና ለእናቶች ቀን። በየሳምንቱ መደወል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነው። ወሬውን የሰማው በኢሜይል ነው። እኛ አገር የአያቱ ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «እንዴት ቻልከው?» አልኩት። ሚሲዮናውያን ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ጓደኛህን አንተ አትመርጥም፣ ከዓይንህም አታርቀውም። የእሱ ጓደኛ በዚያ ሰሞን የአገሩ ተወላጅ ልጅ ነበር። ብዙም አይግባቡም ነበር። ያን ቀን ልጁ ሩዝ ቀቅሎ አጠገቡ አስቀመጠለትና እስኪመሽ ምንም ሳይናገር አብሮት ቁጭ አለ። «ማላጋሲ የገባኝ ከዚያ ቀን በኋላ ነው» አለኝ። ስለ ሰዋስው እያወራ አልነበረም።

ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሄደ። እኔ ደብተር ገዛሁ።

አዲስ ሚሲዮናዊ የመጀመሪያዎቹን 12 ሳምንታት ከአሠልጣኝ ጋር ነው የሚያሳልፈው። እኔም 12 አልኩ። አሠልጣኜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሆነ። እኛ ጋ ተቀምጦ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ኤሌክትሪክ ላይ ስሌት ያስቸግረዋል። ተስማማን፦ እኔ ስሌት፣ እሱ ኦሮምኛ። ከሌሊቱ 11፡30 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። በዚያ ብርድ ከብርድ ልብስ መውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰው መሆኑ ነው የጠቀመኝ። ለብቻዬ ብሆን በሦስተኛው ቀን እተኛ ነበር። እሱ ቀድሞ ተነስቶ ሲጠብቀኝ ግን መተኛት አፈርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የዕቃ ስም። ደንባችን ከቤት በር እስከ ዳቦ ቤት አማርኛ ክልክል ነው የሚል ነበር። ብዙውን ጊዜ ዝም ብለን ነው የምንሄደው፤ ቃል የለኝማ። ከዚያ ዝምታው ራሱ ያስገድዳል። «ሀሬ» አልኩ አህያ ሳይ። «ሆላ» አልኩ በግ ሳይ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የተጀመረው።

ሦስተኛው ሳምንት በአንድ ድምፅ አለቀ። ዸ። ቅቤ «ዸዻ» ነው፤ ሁለቴ ይመጣል። እኔ «ደዳ» እላለሁ። ልጁ ይስቃል፣ ይደግማል። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ ምላስህን ወደ ላይ አጥፈህ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበው፣ አታውጣው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሦስት ቀን ማሽን እየጠገንኩ ዸዻ ዸዻ ስል ከረምኩ። አሁን ይወጣልኛል።

አራተኛው ሳምንት ሸኖ ገበያ ሄድን። የሸኖን ቅቤ የማያውቅ የለም። ሚኒባሱ ውስጥ አንጎለላ አካባቢ ስናልፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ እስከ 1842 አንኮበር ተቀምጦ ነበር። እዚሁ ሸዋ ሆኖ ነው ኦሮምኛ ያጠናው፤ ከወንጌልም ወደ ኦሮምኛ ተርጉሟል። መዝገበ ቃላት በሌለበት ጊዜ፣ ከሰው አፍ እየለቀመ። ስልኬ ውስጥ ስንት ነገር እያለኝ ማጉረምረሜን ተውኩ።

ገበያው ላይ አሠልጣኜ ሆን ብሎ ራቅ አለ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ቆሜ «ኪሎን ሜቀ?» አልኩ። ነገሩኝ። ቁጥሩ ገባኝ! ደስ ብሎኝ ልቀጥል አልኩ። ቅቤው ለስላሳ ነው ለማለት ፈልጌ «ለፈ» አልኩ። ሴትዮዋ ወደ መሬት አዩ። የወደቀ ነገር ያለ መስሏቸዋል። ለስላሳ «ላፋ» ነው፣ በረጅሙ። «ለፈ» ሲያጥር መሬት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ለሆናችሁ ሁሉ ይህን አስምሩበት፦ በኦሮምኛ አናባቢው መርዘሙና ማጠሩ ትርጉም ይለውጣል። የእኛ ጆሮ ይህን አልለመደም። ሴትዮዋ ግን ቃሉን ሦስቴ አስደግመው አረሙኝ። ቅቤውንም መረቁልኝ።

ያኔ ነው ደብተሬን የቀየርኩት። እስከዚያ በእኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። በፊደል መጻፍ ነውር የለበትም፤ ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ፊደል ነው። ለተማሪ ግን ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይቀላል። ሲረዝም አናባቢው ሁለት ይሆናል፣ ሲጠብቅ ተነባቢው ሁለት ይሆናል። ዓይን ለጆሮ ያግዛል።

አምስተኛው ሳምንት ልጄ ታመመችና ምንም አልተማርኩም።

ሚሲዮናውያን በየስድስት ሳምንቱ መዘዋወር አላቸው። ጓደኛ ይለወጣል፣ ከተማ ይለወጣል፣ አንዳንዴም አንተ ባለህበት ትቀራለህ። እኔም በስድስተኛው ሳምንት ሰው ለወጥኩ። የአሠልጣኜን ኦሮምኛ ብቻ ለምጄ ሌላ ሰው ሲናገር አይገባኝም ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ሰላሌ የተወለደ ጥበቃ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ከእሱ ጋር ቡና መጠጣት ጀመርኩ። አስተውሉ፤ ያ ሰውዬ ያለ ቡና ነው ማላጋሲ የተማረው። እኔ ያለ ቡና የሚሆንልኝ አይመስለኝም። ሦስተኛው እስኪፈላ ድረስ ሰው ወሬ አያቆምም። የተማርኩት ግማሹ ከዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ግሥ ብቻ። «ነን ዹፈ» እመጣለሁ፣ «ሂን ዹፉ» አልመጣም። ለትልቅ ሰው «አከም ጂርቱ»፣ ለእኩያ «አከም ጂርተ»። ይህ የአክብሮት ነገር ለእኛ አይከብድም፤ አንተና እርስዎን ስለለመድን ወዲያው ይገባናል።

አንድ ልማድ ግን ከሁሉም በላይ ሠርቶልኛል። ሚሲዮናዊው በሳምንት አንዴ ለቤተሰቡ ይጽፋል ብዬአችኋለሁ። አማቴ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በየእሑዱ ማታ በስልክ ድምፅ እቀዳለሁ። የባለቤቴ እህት ታሰማቸዋለች። የመጀመሪያው 20 ሰከንድ ነበር፦ ስሜ፣ ሕፃኗ ደኅና መሆኗ፣ ብርዱ። አሥረኛው አራት ደቂቃ ደርሷል። የሳቸውንም ቀድታ ትልክልኛለች። አሥሬ እየመለስኩ እሰማለሁ። አሥረኛው ሳምንት ላይ አማቴ የላኩልኝን ስሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልያዝኩም። ፈጥነው ነው የተናገሩት። ተስፋ ቆርጬ ሁለት ጠዋት ተኛሁ። አሠልጣኜ በሦስተኛው ቀን አልቀሰቀሰኝም፤ መብራቱን አብርቶ ለብቻው የስሌት ደብተሩን ይዞ ቁጭ አለ። ተነሳሁ። በኋላ ስንሰማው ከእኔ ጋር አልነበረም የሚያወሩት፤ በመሃል ጎረቤት ገብታ ስለ ባቄላ ዋጋ እየተከራከሩ ነው።

ዛሬ ደብተሬ ላይ 412 ቃል አለ። ዜና አይገባኝም። ወሬ ሲፈጥን አይገባኝም። ገበያ፣ ጤና፣ አየር፣ ከብት፣ ልጅ፣ ምግብ ግን ያስኬደኛል።

ባለፈው እሑድ እኔና ባለቤቴ ሕፃኗን ይዘን አማቴ ጋ ሄድን። ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ጎረቤት ልትጠይቅ ወጣች። ከሳቸው ጋር ብቻችንን ቀረን። እንደ ያኔው። ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር፣ እኔም ጠጋ ብዬ መፈልፈል ጀመርኩ። «ቡነ ዹጊ» አሉኝ። ጠጣሁ። ስለ ባለቤታቸው ፈረስ ነገሩኝ። ቀለሙን አልያዝኩም፣ የሞተበትን ዓመትም አልያዝኩም። ፈረሱ ለማንም የማይገራ እንደነበር፣ እሳቸው ሲጠሩት ግን ይመጣ እንደነበር ገብቶኛል። ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን።

ልንሄድ ስንል እንደገና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ረጅም ነበር። ከመሃሉ «ነጋ» ሰማሁ፤ ሰላም ነው። መጨረሻ ላይ «ሆራ ቡላ» አሉ፤ ተዋለዱ፣ ኑሩ። አሜን አልኩ።

በር ላይ «ዮም ዹፍተ?» አሉኝ። መቼ ትመጣለህ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ልትተረጉምልኝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ድልበተ ነን ዹፈ» አልኩ። እሑድ እመጣለሁ።