የኬዚክ ጎረቤቶቻችን

ከምንኖርባት ከሊድስ፣ የሰሜን እንግሊዟ ትንሽ ከተማ ኬዚክ ሩቅ አይደለችም። ካራቫን፣ ማለትም ከመኪና ኋላ የሚታሰር ባለ ጎማ ማደሪያ ቤት፣ እየጎተቱ ሲሄዱ ግን መንገዱ ይረዝማል። የእንግሊዝ ሕግ ካራቫን የሚጎትት መኪና በሞተርዌይ (በፈጣኑ አውራ ጎዳና) በሰዓት ከ60 ማይል፣ በተራው መንገድ ደግሞ ከ50 ማይል በላይ እንዲነዳ አይፈቅድም። ኤ66 በሚባለው መንገድ የፔናይን ኮረብታዎችን ስናቋርጥ ከኋላችን ረጅም ሰልፍ ተሠርቶ ነበር። እትዬ ከኋላ ወንበር ሆነው "ኧረ ልጄ፣ ሰው ሁሉ በእኛ ምክንያት ከመንገዱ ቀረ! እስቲ ዳር ያዝላቸው" ይሉኛል። ደጋግሜ ዳር ያዝኩ።

እትዬ የእናቴ እህት ናቸው። ክረምቱን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ከጉለሌ መጥተው ነው። ከዝናብ የሸሹ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ወስጄ የጣልኳቸው ሌክ ዲስትሪክት፣ ኬዚክ ያለችበት የሐይቆችና የተራሮች አካባቢ ነው። ከኬዚክ በስተደቡብ ያለችው ሲስዌይት በእንግሊዝ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ዝናብ የሚበዛባት ናት። በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። የአዲስ አበባን ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

ማረፊያችን ከደርወንትዋተር ሐይቅ ዳር ያለ የካራቫኖች መቆሚያ ነበር። ስንደርስ ካራቫኑን ወደኋላ ማስገባት አለብኝ። ይሄ ለማረፊያው ሕዝብ ነጻ ትርኢት ነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ካራቫኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጋዜጣ የያዘ ሁሉ ቀና ይላል። ወዲያው ከጎናችን ካለው ካራቫን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ወጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በመስታወት የሚታዩኝ ቦታ ላይ ቆሙና በእጃቸው ይመሩኝ ጀመር። "ትንሽ ወደ ግራ… አሁን ቀጥ አድርገው… በቃ!" መሬቱ ዘንበል ያለ ስለነበር ሽብልቅ አምጥተው ጎማው ስር ከተቱልኝ።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። ስለ እኔ ግን አይደለም። ካራቫኑ ስንት ኪሎ ይመዝናል? መኪናው ዳገት ላይ ይከብደዋል? ባትሪውስ ስንት ዓመቱ ነው?

ሊድስ ውስጥ ግድግዳ ከምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጋር ከ"ደህና አደራችሁ" አልፈን አናውቅም። እዚህ ያው እንግሊዛዊ ሩብ ሰዓት ቆሞ ያወራሃል። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው እጅ ላይ ነው። እጁ ሥራ ከያዘ አፉ ይፈታል። ካራቫን ደግሞ ሥራ አያልቅበትም። ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ ቀድተህ እየተንከባለለ በሚሄድ በርሜል ታመጣለህ። ያገለገለውን ውሃ ወስደህ ትደፋለህ። የሽንት ቤቱን ካሴት፣ ማለትም ተነቃይ የቆሻሻ ሣጥኑንም እንዲሁ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ጋ እንኳ ሰው ቆሞ ስለ አየሩ ያወራል። ሰልፍ ሁሉ ጨዋታ ነው።

"ከየት መጣህ?" የሚለው ጥያቄም እዚህ ሌላ ነው። ሌላ ቦታ "ከሊድስ" ስል "አይ፣ ከመሠረቱስ?" የሚል ጭራ ይከተለዋል። ቧንቧው ጋ "ከሊድስ" ብዬ መለስኩ። ሰውየው "በኤ66 ነው በኤ65?" አለኝ። መንገዱን ነበር የጠየቀው። ኧረ ደስ ሲል!

እትዬ ግን አልተዋጠላቸውም። "ሰውየው ይህን ያህል ደክመውልህ፣ ግቡና ቡና ጠጡ አትላቸውም?" አሉኝ። ልማዱን አስረዳኋቸው። በሁለት ካራቫን መካከል ቢያንስ 6 ሜትር ይተዋል፤ እሳት እንዳይዛመት የተደነገገ ርቀት ነው። ሰዎቹ ግን እንደ አጥር ያከብሩታል። የሌላውን ቦታ አቋርጦ መሄድ ነውር ነው፤ ልጆች እንኳ ዞረው ይሄዳሉ። በር ከተዘጋ አይንኳኳም። ወሬው ሁሉ ቆሞ፣ ከደጅ ነው። እትዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ ከጉለሌ ያመጡትን ዳቦ ቆሎ በሳህን ሞልተው ወጡ። በሩንም አንኳኩ።

ሽማግሌው ጃንጥላ ዘርግተው እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው ቆረጠሙ። ባለቤታቸውም ወጡ። ውሻቸው ፔኒም ወጣች። እትዬ አልጋ ላይ የሚተኛ ውሻ አይወዱም፤ ፔኒ ግን ዳቦ ቆሎ ስትበላ አይተው ሳቁ። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ፣ ሁለት ቁራጭ የፍሬ ኬክ ተደርጎበት መጣ። እትዬ ከሁሉ በላይ የገረማቸው ይሄ ነው። "እነሱም ሳህን ባዶውን አይመልሱም?" አሉ።

ሽማግሌው የካራቫን ታሪክ የሚወዱ ናቸው። ውሃ ስንቀዳ ጎርደን ስቴብልስ ስለሚባል ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ሐኪም አጫወቱኝ። በ1885 እ.ኤ.አ. በሁለት ፈረስ የሚጎተት የእንጨት ቤት አሠርቶ ከትዋይፎርድ እስከ ኢንቨርነስ ተጓዘ። 1,300 ማይል ገደማ ነው። ለመዝናናት ብሎ በካራቫን በመጓዝ ቀዳሚ የሚባለው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚያገለግለው አሽከር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ይዞ ከፊት እየቀደመ መንገዱን ያይለት ነበር። "አንተ አሽከር የለህም፤ ለዚህ ነው እኔ የወጣሁልህ" አሉኝ።

መልካምነት ሁሉ እዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ከማዶ ያለው ቤተሰብ ስንደርስ እጁን አነሳ፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃውን አልከፈተም። ማንም አልተቀየመው፤ ዝም ለማለት የመጣም ሰው አለ። ማታ አሥራ አንዱ የእንግሊዝ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ተጫዋቹም ድምፁን ይቀንሳል።

የመውጫችን ቀን ሽማግሌው ሳይጠሩ መጡ። ከካራቫኑ በስተኋላ ቆመው መብራቶቹን ፈተሹልኝ። "ግራ… ቀኝ… ፍሬን ያዝ… ጥሩ ነው።" ሽብልቃቸውን ወሰዱ፣ ፔኒን ሳቡና ገቡ።

ፔንሪት ሳንደርስ እትዬ ጠየቁኝ።

"ስማቸው ማን ነበር?"

"አላውቅም እትዬ።"

"ስልካቸውንስ?"

"አልተቀበልኩም።"

"የውሻቸውን ስም ታውቃለህ፣ የእሳቸውን ግን አታውቅም!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም የቀረውን ኬክ አካፈሉን።