ልጅ ሳልታቀፍ የምመሰክረው

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን «ምስክርነት ያለው ይነሳ» ሲባል ተነሳሁ። ገና ማይኩን ሳልይዝ አንዳንዶች ሆዴን ማየት ጀመሩ። አንዲት እህትማ እልልታዋን አቀለጠችው። አልፈርድባትም። ለስድስት ዓመት ስለኔ የጸለየች ሴት ናት፣ ሌላ ምን ትጠብቅ? ሰዓቱ ስላጠረ ያሰብኩትን ግማሹን እንኳ አልተናገርኩም። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ ያገባሁትም እዚሁ። ልጅ ሲዘገይብን ምርመራ ጀመርን። ሁለቱም የማሕፀን ቱቦዎቼ ተዘግተዋል ተባለ። የባለቤቴ ውጤት ደህና ነበር። ያ ወረቀት ቤታችን ከገባ ጀምሮ «ችግሩ ከእሷ ነው» የሚለው ነገር፣ ማንም አፍ አውጥቶ ባይለውም፣ አብሮን ይኖር ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት ዜናውን ያሰማኝ ባለቤቴ ነው። «እዚሁ አገራችን ተችሏል እኮ!» አለኝ። ይቻል እንጂ ለመድኃኒቱም ለመመላለሱም ገንዘብ ያስፈልጋል። ዕቁብ ጣልን። የዕቁቡ ብር አልበቃ ሲል ቪትዛችንን ሸጥን። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ አይ ቪ ኤፍ ጀመርን፤ እንቁላልና ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ተዋሕዶ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥበት ሕክምና ነው። ያኔ 33 ዓመቴ ነበር።

እንቁላል የሚያሳድገውን መርፌ ገዝተን ወደ ሐዋሳ ያመጣነው አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ ጨምረን ነው። ቤት ስንደርስ ፍሪጅ ውስጥ ከድልህ ጎን አስቀመጥኩት። በየምሽቱ ሆዴን ቆንጥጬ ራሴን እወጋለሁ፤ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጸልያል። መርፌ ማየት አይችልም። ከአምስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ አክስቱ ቤት ገባን፤ እንቁላሎቹ ማደጋቸው በየሁለት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል። የመጨረሻዋ መርፌ ሰዓቷ አይዛነፍም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተባልኩ። ከ36 ሰዓት በኋላ ጠዋት እንቁላሎቹን አወጡ። 11 ተገኘ። አምስቱ ከባለቤቴ ዘር ጋር ተዋሐዱ። በአምስተኛው ቀን እድገታቸውን ሳያቋርጡ የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ማሕፀኔ ውስጥ ተቀመጡ። በስክሪኑ ላይ ብልጭ ያለች ነጭ ነጥብ አሳዩኝ። ያቺን ነጥብ አይቼ «እናቴ» የሚለኝን ድምፅ ሰማሁ ብል ማጋነን አይደለም።

በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስን። 275 ኪሎ ሜትር። ባለቤቴ ከስሬ ሁለት ትራስ አነጠፈልኝ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እጁን ሆዴ ላይ ያደርጋል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ጥበቃ። ይህንን ያላለፈበት ሰው አያውቀውም። አማቴ ሊያርሱኝ መጡ። የዓሣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ምን ያላደረጉልኝ አለ! ከአልጋ እንዳልወርድ ከለከሉኝ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ «ቀስ፣ ቀስ በይ ልጄ» ይሉኛል። ሐኪሟ የቀን ተቀን ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ ብላኝ ነበር። ግን ማን ይሰማታል?

በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ ውሃ መጣ። በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ ነው። አማቴ ለማለዳ ጸሎት ወጥተዋል። ባለቤቴ ሥራ ሄዷል። ግቢ ውስጥ ወጥቼ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞላሁና አንስቼ እስከ ማድ ቤት ወሰድኩት። ሳስቀምጠው ከእምብርቴ በታች አንድ ነገር ቁርጥ ሲል ተሰማኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቧንቧው ክፍት ነው፤ ውሃው ይፈስሳል። ሄጄ መዝጋት አልቻልኩም።

ለማንም አልተናገርኩም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደም አየሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን እዚሁ ሐዋሳ ላቦራቶሪ የደም ምርመራ አደረግሁ። ቤታ የሚሉት ነው። ወረቀቱ ላይ «ከ5 በታች» ይላል። የለም ማለት ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንሂድ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኀዘኑን እንዴት ልንገራችሁ? ለቅሶ የሌለው ኀዘን ነው። ድንኳን አይጣልም፣ ንፍሮ አይቀቀልም፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ሰው አይመጣም። የሚመጣው ምክር ነው። አንዷ «እምነት ጎድሎሽ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ያልተናዘዝሽው ነገር ካለ ፈልጊ» አለች። «ድሮስ ልጅ በላቦራቶሪ ይሠራል?» ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ከማንኛቸውም አልተጣላሁም። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ጀሪካኑ ነው። ልጆቼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ለአራት ወር ይህን ይዤ ኖርኩ። ጀሪካኑን ላለማየት ማድ ቤት ስገባ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ጋ ጀልባዎቹ ዓሣቸውን እያራገፉ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ቆመዋል። ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ልጅ ስጠኝ አልልህም። እውነቱን ብቻ ንገረኝ። እኔ ከሆንኩም ንገረኝና ይቅር በለኝ። ይህን ይዤ መኖር አልቻልኩም።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ በቤት ለቤት ኅብረታችን አንድ አባት ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው አነበቡ። ደቀ መዛሙርቱ «ማን በድሎ ነው? እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ይጠይቁታል። እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም ይላቸዋል። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ያን ቀን ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ደግሞም ጌታ ያን ሰው የፈወሰው ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀብቶ፣ «ሂድና ታጠብ» ብሎ ነው። መድኃኒትና ሐኪም እምነትን ያጎድላል ለሚሉኝ ከዚያ በኋላ ይህን ነው የምመልሰው።

ቢሆንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ዕውሩ ሰው ጀሪካን አላነሳም። እኔ አንስቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒኩ ቀጠሮ ነበረን፤ ለምን እንዳልያዘ ለመነጋገር። ሐኪሟ ፋይሉን ገልጣ ስታስረዳን ባለቤቴ ስለ ቀጣዩ ሙከራ ይጠይቃል። እኔ ዝም። መጨረሻ ላይ «አንቺስ ጥያቄ የለሽም?» አለችኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ጥያቄ አልነበረም። «ዶክተር፣ ጀሪካን አንስቼ ነበር» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ አሳየችኝ። «ማሕፀን ባዶ ከረጢት አይደለም» አለች። «ግድግዳዎቹ እንዲህ ተጋጥመው ነው ያሉት። ሁለት የተደራረበ እንጀራ መሃል የገባች አንዲት የጤፍ ፍሬ አስቢ። እንጀራውን ከመሶቡ ብታነሺው ጤፏ ትወድቃለች? ሽሉ ደግሞ ከጤፍም ያንሳል።» ሽል ከተቀመጠ በኋላ አልጋ ላይ የዋሉና ወጥተው ሥራቸውን የሠሩ ሴቶች ተወዳድረው ተጠንተዋል አለች፤ የተኙት የተሻለ አላረገዙም።

ቀጥላ ዋናውን ነገረችን። የሰው ሴል 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም የውርስ መረጃ የሚሸከሙ ክሮች፣ አለው፤ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት። እንቁላሉ ሲበስል ወይም ሽሉ መከፋፈል ሲጀምር አንዳንዴ ቁጥሩ ይዛባል፤ አንድ ይጎድላል ወይም አንድ ይተርፋል። ያን ጊዜ ሽሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያማረ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ማደጉን ያቆማል። ሙከራው ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የእናት ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይበዛል። በተፈጥሮ በሚረገዘውም ብዙ ሽል ሴቲቱ ሳታውቀው እንዲሁ ይጠፋል። «የእናንተዎቹን ክሮሞዞም ስላልመረመርን ይህ ነው ብዬ አልምልልሽም» አለችኝ። «ጀሪካኑ እንዳልሆነ ግን እምልልሻለሁ።»

በአይ ቪ ኤፍ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ሉዊዝ ብራውን፣ በ1970 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ስትወለድ የእናቷ ቱቦ እንደኔው የተዘጋ እንደነበረ የነገረችኝም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ለዓመታት ሞክረው አልሆነላቸውም። ተሳካ ብለው የተደሰቱበት የመጀመሪያው እርግዝና እንኳ ከማሕፀን ውጭ ሆኖ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ስትናገር ባለቤቴ አጎንብሶ ነበር። እሱም አፍ አውጥቶ «መኪናውስ?» አለ። ሐኪሟ አልገባትም። «መኪናችንን ባልሸጥ ኖሮ በአውቶቡስ አትሄድም ነበር። ሻሸመኔ ጋ አውቶቡሱ ሲነጥር ያኔ ነው የወጣው ብዬ...» ጨርሶ መናገር አልቻለም።

አራት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ስንተኛ ለካ እሱም ራሱን እየከሰሰ ነበር! እኔ ዝምታውን በኔ አዝኖብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ የኔን ዝምታ መኪና በመሸጡ እንደተቀየምኩት ቆጥሮታል። ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች አዩን፤ ምናልባት መጥፎ ዜና የሰማን መስሏቸዋል። ጌታ ግን የጸለይኩትን በዚያ ኮሪደር መለሰልኝ። እውነቱን ንገረኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ነገረኝ። ከክስ ነጻ ወጣሁ። ባሌም ነጻ ወጣ።

ሐዋሳ ስንመለስ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጀሪካኑንም ጭምር። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ብቻሽን ያዝሽው? እኔ እናትሽ አይደለሁም?» አሉኝ።

አሁንም ልጅ አልያዝኩም። ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን አስተካክላ ሁለተኛ ሙከራ ማድረግ እንደሚቻል ነግራናለች። ዕቁቡን እንደገና ጀምረናል። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚለውን ጌታ ያውቃል። ለሌላ ሰው ልጅ ልደት ስጠራ ያማል፤ የእናቶች ቀን ያማል። አንዳንድ ሌሊት ያቺ ነጭ ነጥብ ትታየኛለች፤ አለቅሳለሁ። ልቅሶው ግን ተለውጧል። ያኔ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን እንደ እናት አለቅሳለሁ።

አልጋ ላይ ተኝታ ቀን የምትቆጥር እህት ይህን እያነበበች ከሆነ፣ ወይም ወረቀቷን ተቀብላ ያነሳችውን፣ የወጣችውን ደረጃ፣ የበላችውን የምትፈትሽ ካለች፣ እባክሽ እህቴ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ። ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። ባልሽንም ጠይቂው፤ እሱም አንድ ነገር ደብቆ ይሆናል።

ሐሙስ ዕለት ንጋት ላይ ውሃ መጣ። ባለቤቴ ገና አልወጣም ነበር። ጀሪካኑን ሞላሁና እጄን ሰደድኩ። ሮጦ መጥቶ ሊነጥቀኝ ሲል «ተው፣ እኔ ላንሳው» አልኩት። ቆሞ አየኝ። አንስቼ ማድ ቤት አስገባሁት። ቧንቧውን የዘጋው እሱ ነው።