አዲስ ዓመት፣ አዲስ ቤት፣ 102 ሽንፈት

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ ወገኖቼ! አደይ አበባ ያለበት ፎቶ ላይ ተጽፎ ከስልክ ስልክ የሚዞረው ምኞት እስካሁን ለሁላችሁም ደርሷችኋል ብዬ ስለማስብ እሱን አልደግምላችሁም፣ እኔ ዘንድሮ ይዤ የመጣሁት የቤዝቦል ወሬ ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ግማሻችሁ አሁኑኑ ልትሸሹ ነው፣ ሶስት ሰዓት ሙሉ ሰው ቆሞ ምራቁን የሚተፋበት ጨዋታ ምኑ ይወራል የምትሉኝን ሁሌም እሰማለሁ፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም የማወራው ስለ ጨዋታው ብዙም አይደለም፣ አዲስ ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ስለመክረም ነው፣ ለዚህ ደሞ ከኛው ከዲሲው ናሽናልስ የ2008 ሲዝን የተሻለ ነገር አላገኘሁም። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

ነገሩን ለማያውቅ፣ ናሽናልስ የዲሲ ተወላጅ አይደለም። ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ኤክስፖስ ተብሎ ሲጫወት የኖረ ቡድን ነው፣ በ2005 እቃውን ጠቅልሎ ስሙንም ቀይሮ ዲሲ ገባ። ማለት እሱም እንደኛ መጤ ነው። መጀመሪያ የተቀመጠው አርኤፍኬ ስቴዲየም ነበር፣ በ1961 የተከፈተ አሮጌ ቤት፣ እዛ ሶስት ሲዝን ቆየ። ከተማው ደሞ ለቡድኑ አዲስ ቤት ሊሰራለት ቃል ገብቶ ስለነበር አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ኔቪ ያርድ ሜትሮ አጠገብ ግንባታው ተጀመረ፣ ዋጋው መጀመሪያ ከተባለው እያለፈ እያለፈ ሄዶ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ይሄ እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ለቢሊየነር ባለቤቶች ስቴዲየም ከግብር መስራት እስካሁን አይዋጥልኝም፣ ቡድኑን ብወደውም አይዋጥልኝም። ቦታው ላይ ቀድሞ የነበሩት ጋራዦች፣ የምሽት ክለቦች፣ የአስፋልት ፋብሪካ ምናምን ከተማው ቦታውን ወስዶባቸው ተነሱ። ዛሬ እዛ ሰፈር ስትሄዱ የምታዩት የመስታወት አፓርታማና የስምንት ዶላር ቡና ነው፣ ከዚያ በፊት ማን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤቱ ግን ያምራል፣ መቼም እውነቱን መናገር ነው። ሌላው ከተማ ሁሉ የድሮ እንዲመስል ቀይ ጡብ ሲደረድር (ባልቲሞርን ያየ ያውቀዋል) የዲሲው ነጭ ኮንክሪትና መስታወት ሆኖ ተሰራ፣ በግራ በኩል ከአጥሩ ኋላ የቼሪ ዛፎች ተተከሉለት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ደሞ ከተወሰኑ ወንበሮች የካፒቶሉ ጉልላት ይታይ ነበር። ለአካባቢ ጥበቃ የሚሰጠውን የሊድ ሰርተፍኬት በማግኘትም ከአሜሪካ ትልልቅ የስፖርት ቤቶች የመጀመሪያው ነው።

የተከፈተው እሁድ ማርች 30 ማታ ነው። በኛ ስታሰሉት መጋቢት 21፣ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ደርሶ፣ ቀኑም ደብረ ዘይት። ይሄን ማንም የቤዝቦል ጸሐፊ አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ሁሌ ትዝ ይለኛል፣ ምክንያቱም የቤዝቦል ሲዝን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ሁዳዴ ላይ ነው፣ በማርች መጨረሻ ወይ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ስለዚ የኛ ሰው በመክፈቻው ሰሞን ስቴዲየም ከገባ ዙሪያውን ሆት ዶግ እየሸተተው ኦቾሎኒ ሲፈለፍል ያመሻል። ታዋቂው የዲሲ ምግብ ቤት ቤንስ ቺሊ ቦውልም ከዩ ስትሪት መጥቶ እዛው ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቷል፣ ያ ሃፍ ስሞክ የሚሉት ቋሊማቸው ከነቺሊው አጠገባችሁ ሲያልፍ ጾም ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሚገባችሁ። ኦቾሎኒው ግን ጥሩ ነው። ልጣጩን መሬት ላይ መጣል ደሞ ይፈቀዳል፣ እናቴ ብታይ ምን ትል ነበር እላለሁ ሁሌ።

ያን ቀን ማታ ብርድ ነበር። የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ነው፣ ገሚሱ አጨበጨበለት ገሚሱ ጮኸበት፣ ዲሲ ነዋ። ተጋጣሚው አትላንታ ብሬቭስ፣ ናሽናልስ ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ (ዙር በሉት) 2 ነጥብ አገባ፣ ብሬቭስ አንድ መለሰ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ደርቀው ደርቀው የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ደረሰ፣ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ሊጨርስ ሲል ካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) አንዷን ኳስ ሳይዛት አመለጠችውና 2 ለ 2 ሆነ። በቃ፣ አዲሱ ቤት በዚህ ሊመረቅ ነው ተብሎ ሰው ትከሻው ወረደ። ከዛ በናሽናልስ ተራ ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ብቻ ሲቀር፣ ራያን ዚመርማን ገባ። ይሄ ልጅ ቡድኑ ዲሲ ከመጣ በኋላ በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) መጀመሪያ የመረጠው ተጫዋች ነው፣ የቤቱ የበኩር ልጅ በሉት። መታት። ኳሷ በግራ መሀል በኩል ከአጥሩ ወጣች፣ ሆምረን የሚሉት ይሄ ነው፣ 3 ለ 2፣ አለቀ፣ በአዲሱ ቤት በመጀመሪያው ኦፊሴላዊ ጨዋታ በመጨረሻው ምት ተሸነፈ ማለት ነው ብሬቭስ፣ ሰው ጮኸ፣ ሜትሮው ውስጥ ሳይቀር ጮኸ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው የሚያምር የአዲስ ዓመት መልእክት ይሆን ነበር አይደል? አዲስ ቤት፣ አዲስ ዕድል፣ ሆምረን፣ መልካም በዓል። ግን ሲዝኑ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ይቀረዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሶስት ጨዋታዎች አሸነፉ፣ ከዚያ መሸነፍ ጀመሩ፣ ተሸነፉ ተሸነፉ ተሸነፉ፣ ክረምቱ ሲያልቅ 59 አሸንፈው 102 ተሸንፈው በሊጉ ካሉት 30 ቡድኖች ሁሉ መጨረሻ ላይ ተቀመጡ። ቲቪ ላይ ስታዩት በጣም የሚያሳፍረው ደሞ ከሆም ፕሌቱ (መቺው ከሚቆምበት) ኋላ ያሉት ውድ ወንበሮች ነበሩ፣ ካሜራው ሁሌ የሚያሳየው እነሱን ነው፣ እነሱ ደሞ ባዶ ናቸው፣ ሰዉ በ5 ዶላር ላይኛው ጣራ ስር ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ ላይ የቡድኑ ባለቤቶች ስቴዲየሙ ሙሉ ለሙሉ አልተጠናቀቀም ብለው ለከተማው ኪራይ አንከፍልም አሉ! ሚሊዮኖች ናቸው እንግዲህ። 700 ሚሊዮን ወጥቶለት የተሰራለት ተከራይ ቤቱ አላለቀም ብሎ ኪራይ ያዘ። በዚህ አገር ቤት ተከራይተን የቧንቧ ውሃ ሲያንጠባጥብ ኪራይ መያዝ ቀርቶ ለአከራይ መደወል የምንፈራ ሰዎች ይሄን ስናነብ ምን እንበል፣ ሳቅን ብቻ።

በመክፈቻው ሰሞን ደሞ፣ ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ፣ ፖፕ ቤኔዲክት 16ኛ መጥተው እዛው ሜዳ ላይ ቅዳሴ መርተዋል፣ ወደ 46 ሺህ ሰው ነበር። የዲሲ ሰው ቀልደኛ ስለሆነ ጸሎቱ ለሜዳው ሰርቷል ለተጫዋቾቹ ግን አልደረሰም ይል ነበር በኋላ።

እና ያ ጸደይ ለኛ ሰው ሌላም ነገር ነበረው። ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ (ማን የለውም?) የምለው ይገባችኋል፣ ሜይ 1 ቀን 2008 የዞን ሂሳቡ ቀርቶ ሜትር የገባበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ዲሲ በካርታ ተሸንሽና ነበር የምትሰራው፣ ከዚህ ዞን ወደዚያ ዞን ይሄን ያህል፣ አሮጌዎቹ ሹፌሮቻችን ካርታውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቁት ነበር። ብዙዎቹ ሜትሩን ተቃውመው አድማ መትተዋል። ሜትር ሲገባ ያ እውቀት ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ስለዚ ስቴዲየሙ የተከፈተበት ዓመት ብዙ ሽማግሌ ሹፌሮችም አዲስ ሲዝን የጀመሩበት ዓመት ነበር፣ ጨዋታ ሲያልቅ ደጃፉ ላይ ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፣ ተሸንፎ የሚወጣ ሰው ደሞ ቲፕ አይሰጥም፣ ይሄን ያጫወቱኝ ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው ናቸው፣ ቤዝቦል ሕጉን አያውቁም ግን ማን እንዳሸነፈ ከቲፑ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሁሉም ነገር አዲስ ይሁንልህ እንባባላለን፣ ጥሩ ምኞት ነው፣ ግን አገር ለቆ የወጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሲዝኑ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ቤዝመንት ውስጥ ከሁለት ሰው ጋር መኖር። ሌሊት የፓርኪንግ ሺፍት፣ ሂተሯ እግር ብቻ የምታሞቅ ትንሽዬ ዳስ ውስጥ፣ መጽሐፍ ጭን ላይ ዘርግቶ አንዱን ገጽ አስር ጊዜ ማንበብ። ከቤት ሲደውሉ "አሜሪካ እንዴት ነው?" "አሪፍ ነው፣ በጣም አሪፍ ነው"፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ነገ የአውቶቡስ መኖሩን ኪስ ውስጥ መቁጠር። የመድረሻው ቀን ግን ሆምረን ነበር፣ ኤርፖርት አበባ ተይዞ ነው የተቀበሉን፣ ፎቶውም አለ፣ ለሁሉም ተልኳል። ሰው የሚያየው እሱን ፎቶ ነው፣ 102ቱን ማንም አላየም።

ስለ ናሽናልስ ያ ዓመት የምወደው ነገር ይሄው ነው፣ 102ቱም የተጻፉ ናቸው፣ የቱ ቀን፣ በስንት ለስንት፣ ማን ኳሷን እንደጣላት። ምንም አልተደበቀም። እና በዚያ ዓመት 2.3 ሚሊዮን ገደማ ቲኬት ተሸጧል፣ ማለት ሰው እያወቀ ሄዷል። ኦገስት ላይ፣ በዲሲ ሙቀት፣ መጨረሻ ላይ ያለ ቡድን ለማየት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሄድ ሰው እኔ አከብረዋለሁ።

መቼም ቤዝቦል ውስጥ ያኔ የሚገርም ሕግ ነበር፣ በጣም የተሸነፈው በሚቀጥለው ድራፍት መጀመሪያ ይመርጥ ነበር። በ59 ለ102ቱ ምክንያት በ2009 ኳስ ወርዋሪውን ስቲቨን ስትራስበርግን አገኙ፣ ጁን 8 ቀን 2010 እዛው አዲሱ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረውር ፒትስበርግን 14 ሰው በስትራይክ አሰናበተ። በ2019 ደሞ ቡድኑ ዎርልድ ሲሪስ (የሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ) ሲያሸንፍ የውድድሩ ኮከብ እሱ ነው። ዚመርማንም ነበር፣ ያ የመክፈቻው ልጅ፣ በዚያ ዎርልድ ሲሪስ የቡድኑን የመጀመሪያ ሆምረን የመታው እሱ ነው። ግን እዚህም ላይ ተረት አድርጌ እንዳልጨርሰው፣ ያኔ ያሸነፏቸው አራቱም ጨዋታዎች በተጋጣሚያቸው ከተማ ሂውስተን ላይ ናቸው፣ በገዛ ቤታቸው ሶስቱንም ተሸነፉ። ስትራስበርግም 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ከዚያ በኋላ በጉዳት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ አቆመ። ከዋንጫው ወዲህ ቡድኑ አንድም ዓመት ከተሸነፈው ያሸነፈው በልጦለት አያውቅም፣ 2022 እንዲያውም 107 ተሸንፎ ከ2008ም ብሷል። ዘንድሮም ያው ናቸው፣ አትጠይቁኝ።

ስለ ቴዲ ሳልነግራችሁ ብቀር ልጆቼ ይቆጡኛል። በየጨዋታው አራተኛው ኢኒንግ ላይ የድሮ ፕሬዝዳንቶችን መስለው ትልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ አራት ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ጆርጅ (ዋሽንግተን)፣ ቶም (ጀፈርሰን)፣ ኤብ (ሊንከን) እና ቴዲ፣ ቴዲ ሩዝቬልት ማለት ነው። ቴዲ ያኔ አያሸንፍም ነበር። ይወድቃል፣ መንገድ ይስታል፣ ሊገባ ሲል ሌላ ነገር ያየውና ይቆማል፣ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ሲዝንም አንድ ጊዜ አላሸነፈም፣ ሕዝቡ ቲሸርት አሰርቶ "ቴዲ ያሸንፍ" እያለ ዓመታት አለፉ፣ በመጨረሻ ኦክቶበር 3 ቀን 2012 አሸነፈ፣ ስቴዲየሙ ለእውነተኛ ተጫዋች ያልጮኸውን ጮኸለት። ሁላችሁም ቴዲ የሚባል ጓደኛ ስላላችሁ ዛሬ ደውሉለትና ይሄን ንገሩት።

እንግዲህ ዘንድሮ አዲስ ለመጣችሁ፣ ከአዲሳባም ይሁን ከጎንደር ከሐዋሳ፣ ወይ ከቤይሩትና ከሪያድ ዞራችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁጣጣሽን ያለ ቤተሰብ ለምታሳልፉ፣ በተለይ በዓሉ ሐሙስ ስለዋለ ሥራ ላይ ሆናችሁ ይሄን በስልክ ለምታነቡ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ቅዳሜ እኛ ጋ ዶሮ አለ፣ ቁጥሬ ያላችሁ ደውሉ፣ የሌላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደሞ ላይኛው ፎቅ ርካሹ ወንበር እንገናኝ፣ ሁዳዴ ስለሚሆን ኦቾሎኒው በኔ። መልካም አዲስ ዓመት!